የማዋለጃ ክፍል መዝገብ በኪሎ አይሸጥ፦ ግልጽ ደብዳቤ ከሐዋሳ

ለሐዋሳ ከተማ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች
ለጤና መሥሪያ ቤቶች የንብረትና የመዝገብ ቤት ክፍሎች
በከተማዋ ለሚገኙ የታሪክና የጤና ሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች

ጉዳዩ፦ ያረጁ የማዋለጃ ክፍል መዝገቦችን ከመወገድ ስለማዳን፣ ስለ አያያዛቸውና ስለ አነባበባቸው

የተከበራችሁ፣

ሐዋሳ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ርክክብ የበዛባት ከተማ ናት። በ2012 የሲዳማ ክልል ተቋቋመ፤ በ2015 ማብቂያ ደግሞ የቀድሞው ደቡብ ክልል አብቅቶ መሥሪያ ቤቶች ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕናና ወደ ሌሎች ከተሞች ተከፋፈሉ። በርክክብ ጊዜ ወንበር ይቆጠራል፣ ኮምፒውተር ይቆጠራል፣ መኪና ከነመለዋወጫ ጎማው ይቆጠራል። ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑ የወለቀ የማዋለጃ ክፍል መዝገብ ግን የንብረት ቁጥር የለውም። ቁጥር የሌለው ነገር ተረካቢ የለውም። መጋዘን ሲጸዳ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው፤ ከዚያ በኪሎ ተመዝኖ ሱቅ ይገባል፣ ቆሎ ይጠቀለልበታል።

ይህን የምንጽፍላችሁ የሴቶችን ጤና ታሪክ የምናጠና፣ መዝገብ የምናገላብጥና በአዋላጅነት የምንሠራ ሰዎች ነን። የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ መዝገቡ ከመጣሉ በፊት እጃችሁን ያዙ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የጻፍነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

የልደትና የሞት ምዝገባ በአገራችን ራሱን የቻለ አዋጅ የወጣለት በ2004፣ በሥራ ላይ የዋለው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ስለተወለደ ሕፃን በሥርዓት የተጻፈ ነገር ቢኖር ብዙውን ጊዜ ወይ የክርስትና መዝገብ ነው፣ ወይ የማዋለጃ ክፍል መዝገብ። የ1976፣ የ1987ና የ1999 የሕዝብ ቆጠራዎች በቤት ውስጥ ያለውን ሰው ቆጠሩ እንጂ ምጥ ላይ ምን እንደሆነ አልጻፉም። ልዕልት ፀሐይ በለንደን ነርስነት ተምራ በነሐሴ 1934 በለቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም እንዳረፈች የምናውቀው የንጉሥ ልጅ ስለሆነች ነው። በዚያው ወር፣ በዚያው ምክንያት፣ በየገጠሩ የሞቱት ስማቸው የለም። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት አንዲት ተራ ሴት ስሟ፣ ዕድሜዋ፣ ስንተኛ እርግዝናዋ እንደነበረ፣ በስንት ሰዓት እንደወለደችና ከልጇ ጋር በሕይወት መውጣቷ በአንድ መስመር ተጽፎ የሚገኘው በዚህ መዝገብ ላይ ነው። አዋላጇ በመጨረሻው ዓምድ ላይ ፈርማበታለች፤ የእሷም የሥራ ታሪክ ሌላ ቦታ አልተጻፈም።

አሁን ወደ አነባበቡ እንግባ። መዝገቡን ማዳን ሥራው ግማሽ ነው። ያለ ጥንቃቄ የተነበበ መዝገብ ከተጣለው ይልቅ ያሳስታል።

የቆዩት መዝገቦች ትልልቅ ባለ መስመር ደብተሮች ሲሆኑ ዓምዱ በማስመሪያ የተሠመረ ነው። የዓምዶቹ ቁጥር ከአንዱ ነርስ ወደ ሌላዋ ይለያያል። ከ2000 ወዲህ የጤና መረጃ ሥርዓቱ ሲሻሻል የታተመ፣ አንድ ዓይነት ቅጽ መጣ። ስለዚህ የሁለቱን ዘመን ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ ከማስቀመጣችሁ በፊት የትኛው ዓምድ መቼ እንደገባ ጻፉ። ዓምዱ ሳይኖር የቀረው ባዶነት "ችግሩ አልነበረም" ማለት አይደለም። የቤተሰብ ምጣኔን ውሰዱ። የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1958 ተመሥርቷል፣ ነገር ግን የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወሊድ መከላከያን ማስተዋወቅ ያስቀጣ ነበር። በእንዲህ ያለ ዘመን የተጻፈ ካርድ ስለ መከላከያ ዝም ቢል ዝምታው የሕጉ ሊሆን ይችላል።

ዕድሜ ላይ ተጠራጠሩ። የልደት ቀኗን የማታውቅ ሴት ስትጠየቅ 20፣ 25፣ 30 ትላለች፤ ካላለችም ጸሐፊው ይልላታል። መፈተኛው ቀላል ነው። ከ23 እስከ 42 ዓመት ያሉትን ሴቶች ቁጠሩ፤ በዚህ ክልል ውስጥ በ0 ወይም በ5 የሚያልቁት ዕድሜዎች 25፣ 30፣ 35 እና 40 ብቻ ናቸው፣ ማለትም ከ20ው 4ቱ። ዕድሜ በትክክል ቢነገር ከሴቶቹ 20 በመቶ ገደማ እዚያ ላይ ይወድቃሉ። 40 ወይም 50 በመቶ ከወደቁ በዓመት በዓመት የተከፋፈለ ሠንጠረዥ አትሥሩ፤ ከ15 እስከ 19 እና ከ20 እስከ 24 እያላችሁ በአምስት አምስት ዓመት መድቡ። ያም ቢሆን ስለ ልጃገረድ ወላዶች ስትጽፉ ሌላ ወጥመድ አለ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ማግባት ትችል ነበር፤ በ1992 የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ወደ 18 ከፍ አደረገው። ከዚያ ወዲህ በመዝገብ ላይ "18" በድንገት ከበዛ ዕድሜው የጨመረው በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይሆን መርምሩ።

የሕፃን ክብደትም እንዲሁ ይጠጋጋል። ሚዛኑ የሚነበበው በዓይን ነው፣ 3,000 እና 2,500 ግራም ለጸሐፊ ይመቻሉ። ከ2,500 በታች የተወለደ "ዝቅተኛ ክብደት" ስለሚባል ልክ 2,500 ላይ የተከመረው ብዙ ሕፃን መስመሩን ያሳስተዋል። ቁጥሩን በሁለት መንገድ ሥሩት፤ አንዴ 2,500ን ከላይኛው ጋር፣ አንዴ ከታችኛው ጋር፣ ልዩነቱንም አሳዩ።

"ስንት ወልደሻል?" ለሚለው ጥያቄ ብዙ ሴቶች የሚመልሱት በሕይወት ያሉትን ነው። የሞተው አይቆጠርም፤ ውርጃው ከናካቴው አይነሳም። ስለዚህ የእርግዝናና የወሊድ ቁጥር ዓምድ እኩል ሆኖ ከላይ እስከ ታች ቢወርድ ሴቶቹ ጽንስ አልወረደባቸውም ማለት አይደለም፣ ጥያቄው እንደዚያ ተጠይቆ ነው። "ውርጃ" የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ ሁለት ነገር ይሸከማል፤ በራሱ የወረደውንም፣ ታስቦበት የተወረደውንም። ከ1997ቱ የወንጀል ሕግ በፊት ሁለተኛውን የሚናገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ሕጉ በአንቀጽ 551 የተፈቀዱትን ሁኔታዎች ካሰፋ በኋላ በመዝገብ ላይ ቁጥሩ ቢዘል፣ የዘለለው መጻፍ የተቻለው ነው።

ሞቶ የተወለደና ተወልዶ የሞተ ይቀላቀላሉ። ለደቂቃ ተንፍሶ ያረፈ ሕፃን ብዙ ጊዜ "ሞቶ የተወለደ" ተብሎ ይጻፋል፤ ለእናቲቱም ይቀላል፣ ለክፍሉም ሪፖርት ይቀላል። በታሪክ ሥራ ሁለቱን ለመለየት ከመሞከር ሁለቱን ደምሮ መጻፍ ይሻላል።

ሰዓት ላይ የሚፈጸመው ስሕተት ደግሞ ያስቃል፣ ግን ያጠፋል። አንዷ አዋላጅ "ከሌሊቱ 8" ትላለች፤ ተረኛዋ በፈረንጅ ሰዓት "2፡00" ብላ ትቀጥላለች። ሳታስተውሉ ከቀነሳችሁ ምጡ 6 ሰዓት ይረዝማል ወይም ያጥራል። ምልክቱ የወሊድ ሰዓት ከመግቢያ ሰዓት ቀድሞ ሲገኝ ነው። እንዲህ ያለውን መስመር "አስተካክላችሁ" አትጻፉ፤ እንዳለ ገልብጣችሁ በጎን ምልክት አድርጉ። ከሰዓት ጋር ሌላም ነገር ይያያዛል። በፓርቶግራፍ፣ ማለትም የምጥን ሂደት በየሰዓቱ በሚያሳየው ቅጽ ላይ፣ የነቃ ምጥ መነሻ ለረጅም ዘመን የማኅፀን በር 4 ሴንቲሜትር ሲከፈት ነበር፤ ከዚያ በሰዓት 1 ሴንቲሜትር እንዲከፈት ይጠበቅ ነበር፤ የማስጠንቀቂያውና የእርምጃው መስመር በ4 ሰዓት ይራራቁ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ያወጣው አዲሱ መምሪያ መነሻውን 5 ሴንቲሜትር አድርጎታል። ስለዚህ "የተራዘመ ምጥ ቀነሰ" ከማለታችሁ በፊት የመነሻው መስመር ተገፍቶ እንደሆነ እዩ። ጉዳዩ የወረቀት ብቻ አይደለም። ፊስቱላ የሚመጣው ከተራዘመና ከታገደ ምጥ ነው፤ ከሐዋሳ ቅርብ ይርጋለም ላይ የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል የተከፈተውም ይህ ሕመም ስላለ ነው።

ወርና ዓመት ሲቆጠር እንዲሁ ተጠንቀቁ። ከፈረንጅ አቆጣጠር ጋር ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው፤ ሁሉንም በ8 የቀነሰ ተማሪ የዓመቱን ሲሶ ያህል አዛብቷል። በጀት ዓመቱ በሐምሌ ይጀምራል። ወርሃዊው የጤና ሪፖርት ደግሞ ከወሩ 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 ስለሚሄድ የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 ተነሥቶ ጳጉሜንን ይዞ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። "በመስከረም ወሊድ ይበዛል" የሚል ግኝት ካያችሁ መጀመሪያ ቀኖቹን ቁጠሩ።

አሁን ትልቁ ስሕተት። በ1992 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ100 ወሊድ 5ቱ ብቻ በጤና ተቋም ነበሩ፤ በ2008 ጥናት 26፣ በ2011 አነስተኛ ጥናት 48 ደረሱ። ስለዚህ የ1980ዎቹ የሆስፒታል መዝገብ የሚያሳየን በቤት ምጥ የተያዘባትን፣ በቃሬዛ ወይም በመኪና ተጭና የመጣችውን ሴት ነው። በዚያ መዝገብ ላይ ሞት ቢበዛ ሆስፒታሉ ገዳይ ነበር አያሰኝም፤ ከ20 ዓመት በኋላ ቢያንስም ሕክምናው ብቻ አሻሻለው አያሰኝም፤ ጤነኛዋም ሴት መምጣት ጀምራለች። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆንም ዓመት ከዓመት አታወዳድሩ። በዓመት 1,200 ሴት በሚወልድበት ክፍል 3 እናት ብትሞት ከ100,000 ወደ 250 ይሆናል፤ 6 ብትሞት 500። እጥፍ ሆነ ብሎ መጮህ በ3 ሰው ላይ ነው። አምስት ዓመት ደምሩ።

የአገር አቀፉ የእናቶች ሞት ቁጥርም ቢሆን እንደ ሚዛን ንባብ አይወሰድም። በ1992 ከ100,000 በሕይወት ከተወለደ 871፣ በ1997 673፣ በ2003 676፣ በ2008 412 ተባለ፤ የመጨረሻው እውነተኛ ቁጥር ከ273 እስከ 551 መሀል ሊሆን ይችላል። የተሰበሰበው ሴቶችን ስለ እህቶቻቸው ሞት በመጠየቅ ነው። ጥያቄው ከአንዲት እናት የተወለዱትን ይላል፤ በእኛ ቤት ግን የአክስት ልጅም እህት ናት። የቃለ መጠይቅ ጥናት የምትሠሩ ይህን ቃል ሳትበትኑ አትጠይቁ።

የስም ነገር ለእኛ ሥራ በረከት ነው። የአገራችን ሴት ስታገባ ስሟን አትለውጥም፤ ስለዚህ የአንዲትን ሴት አራት ወሊድ በስሟ፣ በአባቷና በአያቷ ስም ከዓመት ዓመት መከታተል ይቻላል። እንቅፋቱ ፊደል ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ፤ ፀሐይ፣ ጸሀይ፤ ሠናይት፣ ሰናይት። ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ ሁለት ዓምድ አድርጉ፤ በአንዱ እንደተጻፈው፣ በሌላው ሀ፣ ሐ እና ኀ ወደ አንድ፣ ሰ እና ሠ ወደ አንድ፣ አ እና ዐ ወደ አንድ፣ ጸ እና ፀ ወደ አንድ ተጠቃልለው። የሲዳማና የወላይታ ስሞች በአማርኛ ጸሐፊ እጅ ሲገቡ ጥብቀታቸውና የአናባቢ ርዝመታቸው ይጠፋል፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው አብሯችሁ ይቀመጥ። አድራሻ ላይ "ቀበሌ" ብቻ ከተጻፈ ዛሬ ስምንት ክፍለ ከተማ ካላት ሐዋሳ ጋር አታዛምዱት፤ የየትኛው ዘመን አከላለል እንደሆነ ለዩ።

ከሕክምና መዝገብ ወጣ ብለን ስለ አንድ ቃል እንናገር፤ ሾተላይ። ከብራና በተሠሩ ክታቦች ላይ፣ ቅዱስ ሱስንዮስ ልጅ ገዳይዋን ወርዝልያን ባሸነፈበት ጸሎት፣ ሾተላይ የተባለ ልጅ የሚገድል መንፈስ ይገሠጻል፤ ክታቡ የተጻፈላት ሴት የክርስትና ስም፣ ወለተ እገሌ ተብሎ ይጻፋል፤ አንዳንዴም የቀደመችው ስም ተፍቆ የሌላይቱ ተተክቷል። የሴት አካል ታሪክ ከዚህ የጠለቀ ምንጭ የለውም። ዛሬ ግን ሾተላይ ሲባል የምንሰማው የደም ዓይነት አለመጣጣምን ነው፤ እናቲቱ አር ኤች ነጌቲቭ፣ ልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፣ ተከታዮቹ ይጎዳሉ፤ "የሾተላይ መርፌ" ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የዛሬውን ትርጉም ይዞ ወደ ክታቡ መመለስና "አያቶቻችን አር ኤች ያውቁ ነበር" ማለት ስሕተት ነው። በዚያ ስም ሥር ቂጥኝም፣ ወባም፣ ያለ ጊዜ መወለድም ሊኖር ይችላል። ክታቡ የሚመሰክረው ሴቲቱ የፈራችውን ነው። እሱን ጻፉ።

ስለ ግርዛትም በማዋለጃ መዝገብ ላይ መረጃ አትፈልጉ። በጥናቶቹ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች በ1992 80፣ በ2008 65 በመቶ ተገርዘው ተገኝተዋል፤ የ1997ቱ ሕግም በአንቀጽ 565 ይቀጣል፤ የቆየው መዝገብ ግን ዓምድ አልነበረውም። ከመቅደድና ከመስፋት ዓምድ ተነሥቶ መገመት ደግሞ ጥንቆላ ነው።

አያያዙ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መዝገቡን ከወለል 15 ሴንቲሜትር ከፍ ባለ መደርደሪያ፣ ከውጭ ግድግዳ ለቆ አስቀምጡ፤ የሐይቁ እርጥበትና ምስጥ የሚመጡት ከዚያ ነው። በፌስታል አትጠቅልሉ፤ እርጥበት ያፍናል፣ ሻጋታ ያወጣል። የተቀደደ ገጽ በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይበላዋል። የዛገ የስቴፕለር ሽቦ አውጡ። ከረጠበ ፀሐይ ላይ አትዘርጉ፤ ገጹ ይኮማተራል። ነጭ ሶፍት በየገጹ መሀል አስገብታችሁ በጥላ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ አድርቁ፤ ሻጋታ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊነሣ ስለሚችል "ሰኞ እናየዋለን" አይሠራም። አቧራ በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ከስፌቱ ወደ ውጭ ይጠረጋል፤ የሻገተ ከሆነ ማስክ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ። በአጠገቡ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይያዝ።

ፎቶውን በስልክ ማንሣት ይበቃል። መስኮት አጠገብ፣ ብርሃን ከጎን፣ ፍላሽ ጠፍቶ፣ ስልኩ ከላይ በማይነቃነቅ ማቆሚያ ተይዞ፣ የገጹ አራቱም ጠርዝ እየታየ፣ አጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ። አንድ ግልጥ ግማሽ ደቂቃ ቢወስድ 200 ግልጥ ያለው መዝገብ በ2 ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ ሥዕሉ አንድ ጊጋባይት ያህል ነው። ባዶ ገጽም ይነሣ፤ ያለዚያ በኋላ "የጠፋ" ይመስላል። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ አንዱ በሌላ ሕንፃ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ምስጢር ነው። በእነዚህ ገጾች ላይ የኤች አይ ቪ ውጤት፣ ውርጃ፣ የተደፈረች ልጅ አሉ፤ ባለቤቶቹም ዛሬ በገበያ የምናገኛቸው ሴቶች ናቸው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድም ግዴታ ነው። በተግባር ግን ሥራው ይህ ነው፤ ስሞች በሌላ ፋይል፣ በመለያ ቁጥር፣ በሌላ ሰው እጅ ይቀመጡ፤ በሠንጠረዥ ከ5 በታች የሆነ ቁጥር አይታተም፤ ቀበሌ፣ ዓመትና ያልተለመደ ሕመም አንድ ላይ አይጻፉ፣ መንደሩ ማን እንደሆነች ያውቃታልና። ሥዕሉ በቴሌግራም አይላክ። ለመለማመጃም ቢሆን።

የልምድ አዋላጆችንና አሮጊቶችን የምትጠይቁ ሴት ጠያቂ ትሁን፤ ባል ወይም ልጅ አጠገብ ተቀምጦ የሚሰጥ መልስ የእሱ መልስ ነው። ፊርማ የሚያስፈራቸው ከሆነ ፈቃዳቸው በድምፅ ይቀዳ። ዓመት አትጠይቁ፤ ከአብዮቱ በፊት ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ደርግ ሲወድቅ፣ እያላችሁ አስታውሱ። አንቺ አትበሏቸው፤ እርስዎ፣ ወይም እማማ። "ስንት እንግዴ ልጅ ቀበሩ?" ብሎ መጀመር ከ"ስንት ወሊድ አዋለዱ?" የተሻለ ወሬ እንደሚያመጣ የቃል ታሪክ የሚሰበስቡ ያውቁታል።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ፦ እያንዳንዱ ተቋም ያረጁ የማዋለጃ፣ የቅድመ ወሊድና የቀዶ ሕክምና መዝገቦቹን በአንድ ገጽ ላይ ይዘርዝር፤ የመዝገቡ መጀመሪያና መጨረሻ ቀን፣ የገጹ ብዛት፣ የተቀመጠበት ክፍል፣ ቁልፉን የያዘው የሥራ መደብ። ዝርዝሩ ሳይታይ ምንም ወረቀት በማስወገጃ ኮሚቴ አይለፍ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ጡረታ ሲወጣ ቁልፉን ከነዝርዝሩ ያስረክብ። በክልሎች ርክክብ የተንቀሳቀሱ ካርቶኖች ካሉ ሐዋሳ የቀረውና የሄደው ይለይ። በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ሴቶች የሚያገለግሉ ክሊኒኮችም የዛሬውን መዝገብ ከወዲሁ እንዲህ ይያዙት።

መዝገቦቹን ለማጽዳት፣ ፎቶ ለማንሣትና ዝርዝሩን ለመሥራት ያለ ክፍያ እንመጣለን፤ ብሩሽና ማስክ ከእኛ፣ ጠረጴዛና መስኮት ያለው ክፍል ከእናንተ።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ፣ የአዋላጅ ነርስነትና የመዝገብ ሥራ ባለሙያዎች
ሐዋሳ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
አዲስ አበባ